ማንም ያላለውን ማስተባበል

ሰኞ፥ በ፪

ሥራ አስኪያጁ ዛሬ አስጠራኝ። በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፥ ሻይም አስመጣልኝ። የውኃ አገልግሎቱ የተመሠረተበት በዓል ሊከበር ስለ ሆነ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉን ታሪክ እንድጽፍለት ይፈልጋል። «አባታችን፥ ከእርስዎ በቀር ከሥሩ የሚያውቀው የለም» አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም፤ ደስ አላለኝም ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ወጥቶ በእጅ ጽሕፈቱና በድምፁ ብቻ የተቀጠረ ሰው የአንድ ሙያ ታሪክ ጸሐፊ ሊሆን ነው።

ዛሬ ክፍሉን የምትመራው ልጄ ናት። ስነግራት ሣቀች። «አባዬ፥ የበሩን ጽሑፍ እንዳትረሳ» አለችኝ። መጀመሪያ «ማስታወቂያ ክፍል» ይል ነበር፤ ቆይቶ «ሕዝብ ግንኙነት» ሆነ፤ አሁን «ኮሙኒኬሽን» ተብሏል። ጠረጴዛው ግን ያው የእኔው ነው፤ የተሰበረው እግሩም እንደ ተሰበረ ነው።

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አደረ።

ሐሙስ፥ በ፭

የድምፅ ማጉያውን መኪና የሚነዳውን የድሮ ባልንጀራዬን ለታሪኩ ስል ስጠይቀው ዋልሁ። ሾፌር ነውና ነገር አያስረዝምም።

«የኔታ፥ ምኑን ይጽፉታል? እርስዎ ይጮኻሉ፥ እኔ እነዳለሁ፥ ሰው ይሰድበናል። ታሪኩ ይኸው ነው።»

«ከእኛ በፊትስ?»

«ከእኛ በፊት ጥሩምባ የሚነፋ ሰውዬ ነበር አሉ። እሱንም ይሰድቡት ነበር።»

እየሣቅሁ ጻፍሁት። በእርግጥም በመጀመሪያ ሥራችን መጮኽ ብቻ ነበር፤ ነገ ውኃ ይጠፋል ብሎ ማለፍ። ከዚያ በየግድግዳው የሚለጠፍ ጽሑፍ መጣ፥ ከዚያ ጋዜጣና ሬዲዮ። በሬዲዮ የማነብበው እኔ ስለ ነበርሁ የሰፈሩ ልጆች «አባ ይቋረጣል» የሚል ስም አወጡልኝ፤ ሳልፍ በእኔው ድምፅ «ከነገ ጠዋት ጀምሮ!» እያሉ ይከተሉኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ ደግሞ መናገር ብቻ ሳይሆን መስማትም አለብን ተባለና የአስተያየት ሣጥን ተሰቀለ። ቁልፉ ጠፍቶ ለብዙ ጊዜ ሳይከፈት መቆየቱን ልጻፈው ወይስ ልተወው?

ሾፌሩ ሲለየኝ «ድሮ ቢሰድቡንም ያምኑን ነበር» አለ። ይህን ግን አልጻፍሁትም፤ የቅሬታ መንፈስ አለበት።

ቅዳሜ፥ በ፯

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ በማሰሮ ውኃ ይዛ መጣች። «አባባ፥ እዩት፤ ሻይ ሆኖ ነው የሚመጣው፥ ስኳር ብቻ ነው የቀረው።» የዝናብ ደለል የሰጠው ቀለም መሆኑንና ጉዳት እንደሌለው ነገርኋት። ትንሿ ልጇ ከትናንት ጀምሮ ሆዷን ትታመማለች። «እርስዎ ካሉኝ» ብላ ማሰሮዋን ይዛ ተመለሰች።

ልጄ ከዚህ ሳምንት ወዲህ የምንጠጣውን ውኃ ማፍላት ጀምራለች። «ለሆድህ ይሻላል፥ አባዬ» አለችኝ። በሥራ ተወጥራ እንኳ ለሽማግሌ አባቷ ሆድ የምታስብ ልጅ የሰጠኝ አምላክ የተመሰገነ ይሁን።

ማክሰኞ፥ በ፲

በችኮላ። በጤና ጣቢያው ደጅ ሰልፍ አየሁ፤ የሚበዙት እናቶች ናቸው። ልጄ አምሽታ ትመጣለች፤ አትበላም። «ምን ሆንሽ?» ስላት «በዓሉ» ትላለች።

ዓርብ፥ በ፲፫

ሳልፈልግ ሰማሁ፤ በእኔና በልጄ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነው። በስልክ ነበረች። «እንዴት ያልቃል? ... እስከ መቼ ነው እንዲሁ የምንለቀው? ... እኔ ለሰው ምን ልበል?» ከዚያ «እሺ ጌታዬ» አለች።

ምን እንዳለቀ አላወቅሁም። በመሥሪያ ቤት የሚያልቅ ነገር ብዙ ነው፤ ወረቀት ያልቃል፥ ነዳጅ ያልቃል። የሰውን ንግግር በግድግዳ ሰምቶ መመራመር ለእኔ ዕድሜ አይገባም። ጸሎቴን ጀምሬ ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ።

እሑድ፥ በ፲፭

ከቅዳሴ ስንወጣ ሰዎች ከበቡኝ። «አባታችን፥ ይጠጣ ወይስ አይጠጣ?» ቀለም ነው አልኋቸው። ስናገር ድምፄ እንደ ሬዲዮው ዘመን ጥርት ብሎ ወጣ፤ እነርሱም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። ድምፄ እንዲህ ባያምር ምን ነበረበት?

ሰኞ፥ በ፲፮

ልጄ በእኩለ ቀን መጣች፤ በዚህ ሰዓት መጥታ አታውቅም። ኮቷን ሳታወልቅ «አባዬ፥ ቋንቋህን አውሰኝ» አለች። የጤና ጣቢያው ሰልፍ ወሬ ሆኗል፤ ሥራ አስኪያጁ ሕዝቡን የሚያረጋጋ መግለጫ ዛሬውኑ ይውጣ፥ «የአባትሽ ዓይነት አማርኛ ይሁን» ብሎ አዟል። እርስዋም ከጠዋት ጀምራ ስትጽፍ ስትቀድ ውላለች።

ተቀመጥሁ። የመጻሕፍትን ትርጓሜ ያስተማሩኝ መምህሬ አንድ የአሠራር ደንብ ነበራቸው። ተቃዋሚ እስኪነሣ መጠበቅ የለም፤ ጥያቄውን መምህሩ ራሱ ያነሣል፥ ራሱም ይመልሳል፤ ተማሪው ከጉባኤው ሲወጣ ያልተመለሰ ነገር በመንገድ እንዳያገኘው። ይህ ከአጥንቴ የገባ ነው። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦

«‹ውኃው ጭቃ ነው› የሚል ቢኖር፥ ጭቃ አይደለም፥ የዝናብ ደለል የሰጠው ቀለም ነው። ‹ቧንቧው ተሰብሮ ነው› የሚል ቢኖር፥ ቧንቧው በሙሉ ተፈትሿል። ‹የማከሚያው መድኃኒት ስላለቀ ውኃው ሳይታከም እየተለቀቀ ነው› የሚል ቢኖር፥ ይህ ከእውነት የራቀ ነው።»

ሦስተኛው ከየት እንደ መጣልኝ አላውቅም። ሙግት ሦስት ሲሆን ያምራል፤ ልማድ ነው።

ልጄ ቆማ አነበበችው። ጣቷን ሦስተኛው ላይ አሳርፋ ቆየች።

«ይቺን ማን አለ?»

«ማንም አላለም። ‹የሚል ቢኖር› ነው የሚለው።»

«እርግጠኛ ነህ፥ አባዬ?»

«ካልወደድሽው ሰርዢው።»

ብዕሯን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ክዳኑን ከፈተች፤ መልሳም ከደነችው። «ይሁን» አለች። ወረቀቱን አጥፋ ይዛ ሄደች፥ ፊቷንም አላየሁትም።

ረቡዕ፥ በ፲፰

ምን አደረግሁ!

አንዲት ጋዜጠኛ ቤት ድረስ ደወለችልኝ። «አባታችን፥ ‹የሚል ቢኖር› እያለ የሚጽፍ ከእርስዎ በቀር ስለሌለ ነው የደወልሁ። ‹መድኃኒቱ አልቋል› ያለው ማን ነው?»

«ማንም አላለም።»

«እኮ! እኛ አላልን፥ ሕዝቡ አላለ። ማንም ያላለውን ለምን ታስተባብላላችሁ?»

ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ በሕይወቴ በሰው ጆሮ ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም ነበር።

ማታውን ‹መድኃኒቱ አልቋል› የሚለው ቃል በየቤቱ ገባ። ትናንት ስለ ጭቃ ብቻ ያወራ የነበረው ሰው ሁሉ ዛሬ ስለ መድኃኒቱ ያወራል። በእኛ መንገድ በየደጁ ምድጃ ወጥቷል፤ ድስት ያልጣደ የለም።

ሐሙስ፥ በ፲፱

አልተኛሁም። ጥፋቱ የመምህሬ አይደለም። ጉባኤ ሌላ፥ አደባባይ ሌላ መሆኑን ይህን ያህል ዘመን በአደባባይ የኖርሁት እኔ ማወቅ ነበረብኝ። የተማሪ ጆሮ መልሱን ይዞ ይሄዳል፤ የተጨነቀ ሰው ጆሮ ጥያቄውን ይዞ ይሄዳል። ይህ በአንድ ተራ ማስታወሻ ሊጻፍ የሚችል ነገር ነበር።

ቅዳሜ፥ በ፳፩

ልብስ ሰፊዋ በአጥሩ ላይ ጠራችኝ። «ልጄ ተሻላት አባባ! ካፈላሁላት ወዲህ ተመስገን ነው። ጋዙ ግን ሊጨርሰኝ ነው፤ ከሰፋሁት ያነደድሁት ይበልጣል።» ልጅቷ ከኋላዋ ስትሮጥ አየኋት። ደስ አለኝ፤ ወዲያውም ፈራሁ። በምን ምክንያት እንደ ፈራሁ ለመጻፍ ሞከርሁ፥ አልሆነልኝም።

ሰኞ፥ በ፳፫

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ጥያቄያቸው መድኃኒቱ አለ ወይ የሚል አይደለም፤ ምስጢሩን ማን አወጣ የሚል ነው። ልጄን ጠሯት። «እኔ ጻፍሁት፥ ማንም አልረዳኝም» ብላ ፈረመች። ይህን የነገረኝ ሾፌሩ ነው፤ እርስዋማ ምን ትነግረኛለች።

«አገዷት፥ የኔታ። ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል እየተባለ ነው።»

«ያልሠራችውን ለምን ሠራሁ አለች?»

ሾፌሩ መሪውን በጨርቅ ጠረገ። «ይህንማ እኔን አይጠይቁኝ» አለኝ።

ማክሰኞ፥ በ፳፬

«ሄጄ እኔ ነኝ እላለሁ» አልኋት።

«ከዚያ ‹ከየት ሰማህ?› ይሉሃል።»

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ።

«ከየት ሰማህ፥ አባዬ?»

ከየትም አልሰማሁም፥ ልማድ ነው አልኋት። ትክ ብላ አየችኝ። ሕፃን ሳለች ውሸት ስትናገር እኔ እንዲያ አያት ነበር። «እንግዲያው ዝም በል፤ ለእኔ ተወው» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች። ግድግዳው ስስ ነው። ስታለቅስ ግን አልሰማሁም፤ እንዲያውም ምንም አልሰማሁም።

ሐሙስ፥ በ፳፮

ራሴን ለማዘናጋት ወደ ታሪኩ ተመለስሁ። በባሕር ማዶ ይህን ሙያ ከጀመሩት የሚበዙት ከጋዜጣ የመጡ ሰዎች ነበሩ። የባቡርና የማዕድን ባለጸጎች በድርጅታቸው አደጋ ሲደርስ በር ዘግተው ዘበኛ ያቆሙ ነበር፤ ከእነዚያ ሰዎች አንዳንዶቹ ግን፥ በሩን ክፈቱት፥ ጋዜጠኛውን ራሳችሁ ጥሩት፥ የሆነውን ራሳችሁ ንገሩት አሏቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ የሰውን ልብ የሚያዘነብሉበትን ጥበብ ጨመሩበት። ሙያው ከሁለቱም ተወልዶ፥ እስከ ዛሬ በሁለቱ መካከል ሲዋልል ይኖራል።

ይህን ከጻፍሁ በኋላ አንድ መስመር እንኳ መቀጠል አቃተኝ።

ዓርብ፥ በ፳፯

ሥራ አስኪያጁ መኪና ላከልኝ። ዛሬ ሻይ የለም።

«አባታችን፥ እኛም እኮ አንባቢ ነን፤ የማን እጅ እንደ ሆነ እናውቃለን። ልጅዎ እርስዎን ለማዳን ራሷን አሳልፋ እየሰጠች ነው።»

«ምን ላድርግ?»

«እውነቱን ይናገሩ። የጻፍሁት እኔ ነኝ፥ የትምህርት ልማዴ ነው፥ ምንም መሠረት የለውም ይበሉ። በሬዲዮ፥ በራስዎ ድምፅ። ምንጭ ከሌለ የወጣ ምስጢር የለም፤ የወጣ ምስጢር ከሌለ የልጅዎ ክስ የለም። ሕዝቡም ያርፋል።»

«መድኃኒቱስ መጥቷል?»

ወደ መስኮቱ ተመለከተ። «በመንገድ ላይ ነው።»

በመንገድ ላይ ያለ ነገር መምጣቱ አይቀርም። መጣ ማለት ነው። ደግሞም የጻፍሁት እኔ ነኝ፥ ልማዴም ነው፤ ከሚነበበው ውስጥ ሐሰት የሆነው የትኛው ቃል ነው? ከቢሮው እስከ ቤቴ ቃል በቃል መረመርሁት። ከአንዷ በቀር ሁሉም እውነት ነው።

እሑድ፥ በ፳፱

ወደ ካህኑ ሄጄ ምክር ልጠይቅ ተነሣሁ፤ ዝናቡ ከለከለኝ። ካፊያ ነበር።

አምላኬ ሆይ፥ አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። እናቷ ስትሞት በእጄ አስረክባኛለች። እስር ቤት ልትገባ ነው፥ እኔ ደግሞ ከጸሎት መጽሐፍ ኋላ ተቀምጫለሁ። የምለምንህ ወደ ጆሮህ እንደማይደርስ ይሰማኛል፤ ከጣራው በታች ተንጠልጥሎ ይቀራል። የትኛውን ልለምንህ? ልጄን ብል የሰው ልጆች ይመጡብኛል፤ የሰው ልጆችን ብል የእኔዋ ፊት ይመጣብኛል። ያችን ትንሽ ልጅ በአጥሩ ማዶ ስትሮጥ ባላያት ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ለልጄ አልነገርኋትም። እንቢ ትላለችና።

ሰኞ፥ በ፴

አነበብሁ። አንድ ጊዜም አልተደናቀፍሁም። የሬዲዮው ቴክኒሻን «ኧረ አባታችን፥ ድምፅዎ አላረጀም!» አለኝ።

ማክሰኞ፥ በ፩

የልጄ እገዳ ተነሣ። ደብዳቤውን ይዛ ገባችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ትስመኛለች ብዬ ተነሥቼ ነበር።

«አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኸኝም» አለች።

«ላድንሽ ብዬ ነው።»

«ያችን ሦስተኛዋን ሳላያት የፈረምሁ መስሎህ ነው? በግድግዳ እንደ ሰማህ ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። ደጋግሜ አነበብኋት። ብሰርዛት ሰው ይጠጣል፤ ብተዋት ያፈላል። እኔ ‹መድኃኒት የለም› ብዬ ለማውጣት ድፍረት አልነበረኝም፤ አንተ ሳታስበው ጽፈህልኝ መጣህ። ከዚያ ምን ይሉኛል፥ ያሳስሩኝ፥ ብዬ ፈረምሁ። ሰው ማፍላት ጀመረ፥ አባዬ! ሕፃናት ተሻላቸው። ትናንት ደግሞ በዚያ ድምፅህ ...»

አልጨረሰችውም። ቀና ብዬ «መድኃኒቱ በመንገድ ላይ ነው ብሎኛል» አልሁ።

«እስከ ዛሬ አልታዘዘም። ገና ዋጋ እየተጠየቀ ነው።»

ሳታስበው ጽፈህልኝ አለችኝ። ይህን ቃል ከምሽቱ ጀምሮ እያገላበጥሁት ነው። ሳላስበው ነበርን? ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ከሌሎቹ ይልቅ ፈጥኖ ነበር፤ ይህን አስታውሳለሁ። ከሥራዬ ሁሉ አንዲት ደግ ነገር ብትኖር እርስዋ ነበረች፤ እርስዋንም በገዛ አንደበቴ ሻርኋት።

ረቡዕ፥ በ፪

ጠዋት ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ደወልሁ። ዳግመኛ ማንበብ እፈልጋለሁ አልኋቸው። ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያስፈልጋል አሉ። ጋዜጠኛዋን ፈለግሁ፤ «አባታችን፥ ሰኞ ያነበቡትን አትመነዋል፤ አሁን ደግሞ አለቃዬ ምን ይለኛል?» አለችኝ።

ልጄ ቁርስ ላይ ነበረች። ዛሬስ ጠየቅኋት።

«ወጥቼ ለሰው ብናገር፥ አንቺን ያስሩሻል?»

«ሳያስሩኝ አይቀሩም።»

«እንግዲህስ?»

ጽዋዋን አስቀመጠች። «ጫማህን አድርግ» አለችኝ።

በመጀመሪያ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄድሁ። በሩን ስትከፍት ፊቷ በራ። «እፎይ አልሁ አባባ! በሬዲዮ ሰማሁዎትና ማፍላቱን ተውሁት፤ ጋዙ ገድሎኝ ነበር እኮ።»

«አፍዪው። ተሳስቻለሁ።»

«የቱን ነው የተሳሳቱት?»

«የሰኞውን።»

እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ቀለም ነው አሉኝ፥ ጠጣሁ። ቀጥሎ ‹መድኃኒት የለም የሚል ቢኖር› አላችሁ፥ አፈላሁ። ሰኞ ያ ስሕተት ነው አሉ፥ ተውሁ። ዛሬ ደግሞ ስሕተቱ ስሕተት ነው ይሉኛል። እሺ በየትኛው ልመንዎት?»

ዕድሜዬን ሁሉ ጥያቄን ራሴ ሳነሣ ራሴ ስመልስ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ያነሣችው ግን እርስዋ ናት። ገብታ ከቧንቧው በብርጭቆ ቀድታ መጣች። ዝናቡ ካባራ ወዲህ ደለሉ ሰክኗል፤ ውኃው እንደ እንባ ጠርቷል። «እዩት፥ ምኑ ነው መጥፎ? እስቲ ይጠጡልኝ» ብላ ሰጠችኝ። ትንሿ ልጅ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ሽቅብ ታየኛለች። በእውነትም ጠምቶኝ ነበር።

«አልጠጣውም» አልኋት።

«ለምን?»

«ስለምፈራው።»

ብርጭቆውን አየች፥ እኔንም አየች። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞራ፥ ልጅቷ እንዳትጠጣ ማሰሮውን ከወለሉ አነሣችው።

ብርጭቆዬን ልትቀበለኝ እጇን ስትዘረጋ፥ «ከነውኃው ላቆየው፤ ሌሎቹም ‹ይጠጡልኝ› ይበሉኝ። እመልስልሻለሁ» አልኋት። እንዳይፈስ በሁለት እጄ ይዤ የሚቀጥለውን በር በክርኔ አንኳኳሁ።